ጣሪያዋ የሚከፈት አሮጌ ቮልስ ለመግዛት፦ ከሻንሲ ቁጥር እስከ መጀመሪያው ወር

በቅርቡ አንድ ወዳጄ ደወለልኝ። «ጣሪያዋ የሚከፈት ቮልስ አገኘሁ። ቀይ ናት። ነገ ቀብድ ልከፍል ነው» አለኝ። ደስታው በስልክ ይሰማል። «ሻንሲ ቁጥሯ በስንት ይጀምራል?» ብዬ ጠየቅኩት። ዝም አለ። ቀለሟን አይቷል። ወንበሯን አይቷል። ሞተሯን አስነስቶ ሰምቷል። ብረቷ ላይ የተመታውን መለያ ቁጥሯን ግን አላየም።

ያን ማታ ለእሱ የነገርኩትን ነው እዚህ የምጽፈው። የምኖረው አዳማ ነው። እስካሁን ሁለት ቮልስ ገዝቻለሁ። የመጀመሪያዋን በችኮላ ገዝቼ ብዙ ከሰርኩባት። ሁለተኛዋን ለማግኘት ከዓመት በላይ ፈለግኩ፤ ዛሬም እሷን ነው የምነዳው። ከሁለቱ የተማርኩት ይህን ነው፦ አሮጌ መኪና ስትገዙ ሞተር አትግዙ። ወረቀቷንና ወለሏን ግዙ። ሞተር አዳማ ላይ ይጠገናል። የተበላሸ ወረቀትና የበሰበሰ ወለል ግን ሰውን ለዓመታት ያንከራትታል።

ለምን ቮልስ?

ጣሪያው የሚከፈት ክላሲክ ስፖርት መኪና ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ፊያት 124 ስፓይደርን፣ አልፋ ሮሜዮ ስፓይደርን ወይም የእንግሊዞቹን ኤም ጂ ቢ ነው። ሦስቱም በ1960ዎቹ የተወለዱ ናቸው (በዚህ ጽሑፍ የመኪኖቹን ዘመን የምጠቅሰው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው)። ውበታቸው አያከራክርም። ችግሩ ከገዛችኋቸው በኋላ ነው የሚመጣው። አንድ የመሪ ዕቃ ሲበላሽ መኪናዋ ወራት ትቆማለች። ዕቃው ከውጭ በሰው ሻንጣ እስኪመጣ ትጠብቃላችሁ። የሚያውቃት መካኒክም በቀላሉ አይገኝም።

መኪናዋን ራሷን ከውጭ ማስመጣትም አሁን የሚታሰብ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖች ላይ በጣም ከባድ ታክስ ጥሏል። በ2016 ዓ.ም. ጥር ላይ ደግሞ በኤሌክትሪክ የማይሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን መንግሥት አስታወቀ። ስለዚህ የምትገዙት አገር ውስጥ ያለውን ነው።

አገር ውስጥ ካሉት አሮጌዎች መካከል ደግሞ ቮልስን የሚያህል የለም። ቮልስ የማያውቅ ጋራዥ የለም ማለት ይቻላል። አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ብትሄዱ ዕቃዋን የሚያውቁ ነጋዴዎች ታገኛላችሁ። በታሪካችንም ቦታ አላት። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. አፄ ኃይለ ሥላሴን ከቤተ መንግሥት ይዛ የወጣችው ቮልስ ነበረች። በዓለም ላይ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርታለች፤ የመጨረሻዋ ከሜክሲኮው የፑዌብላ ፋብሪካ የወጣችው በሐምሌ 2003 ነው።

ጣሪያዋ የሚከፈተውን ቮልስ ይሠራ የነበረው ካርማን የተባለው የጀርመን ድርጅት ነው፤ በኦስናብሩክ ከተማ፣ ከ1949 እስከ 1980። ከ330 ሺህ በላይ ሠርቷል። የስፖርት መኪና መልክ ለሚፈልግ ደግሞ ያው ካርማን የሠራት ካርማን ጊያ አለች። ዝቅ ያለች፣ ባለ ሁለት በር፣ ጣሪያዋ የሚከፈትም የማይከፈትም ነበራት። ከውስጥ ቮልስ ናት፤ ሞተሯም ካምቢዮዋም የቮልስ ነው። የውጭ ላሜራዋ ግን የራሷ ብቻ ስለሆነ ከተጋጨች ከባድ ነው። ፈጣን መኪና ፈልጋችሁ ከሆነ ግን ሁለቱም አይሆኑላችሁም። የ1200 ሲሲ ሞተር አቅሙ 34 የፈረስ ጉልበት ብቻ ነው። አዳማ ከባሕር ወለል ከ1,600 ሜትር በላይ ስለሆነች ከዚያም ላይ ይቀንሳል፤ ሞተር በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ገደማ ጉልበት ያጣል።

ከዓመቶቹ የትኛው ይሻላል ለሚል፣ እኔ የ1960ዎቹን መጨረሻ እመርጣለሁ። 1300 ወይም 1500 ሞተር ያላት፣ ባለ 12 ቮልት። የቆዩት ባለ 6 ቮልት ናቸው፤ አምፖልና ባትሪ ፍለጋ ያሰለቻል፣ ማታም መብራታቸው ደካማ ነው። 1303 የምትባለው ሞዴል የፊት መስታወቷ ጎበጥ ያለ ነው። ያ መስታወት ከተሰበረ የሌላው ቮልስ መስታወት አይገጥምላትም።

መጀመሪያ ወረቀት

መኪናዋን ከማየታችሁ በፊት በስልክ ጠይቁ፦ ሊብሬው (የባለቤትነት ደብተሯ) በማን ስም ነው? ይህ ጥያቄ ብቻ ግማሹን መንገድ ያሳጥርላችኋል።

የአሮጌ መኪና ትልቁ በሽታ የሟች ስም ነው። አባት በ1960ዎቹ ዓ.ም. ገዙ፤ አረፉ። መኪናዋ ግቢ ውስጥ ቆመች። ዛሬ የሚሸጥላችሁ ልጅ ወይም የልጅ ልጅ ነው። ሰውየው ቅን ሊሆን ይችላል፤ ግን ብቻውን የመሸጥ ሥልጣን የለውም። የፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ ያስፈልጋል። ወራሾቹ አምስት ከሆኑ አምስቱም መፈረም ወይም መወከል አለባቸው። አንዱ አሜሪካ ከሆነ ውክልናው እስኪመጣ መጠበቅ ነው። «ወንድሞቼ ምንም አይሉም» የሚለውን ቃል ይዛችሁ ገንዘብ አትስጡ። ወንድሞች መኪናዋ ታድሳ ስታምር ሲያዩ ሐሳባቸው ይለወጣል።

ሻጩ ባለትዳር ከሆነ የባለቤቱም ፊርማ ያስፈልጋል። ካላገባ ያላገባ ማስረጃ ያምጣ።

ሌላው በውክልና ብቻ መግዛት ነው። «ስም ማዞሩ ይቆይ፣ ውክልና ልስጥህ» ይባላል። ብዙ ሰው እንዲህ ይነዳል። ነገር ግን ወካዩ ሲሞት ውክልናው ይቋረጣል። የአሮጌ መኪና ባለቤቶች ደግሞ ብዙ ጊዜ በዕድሜ የገፉ አባቶችና እናቶች ናቸው። እኔ የመጀመሪያዋን ቮልሴን ያጣሁት በከፊል በዚህ ነው። ውክልና ይዤ ሁለት ዓመት ነዳኋት። ባለቤቷ አረፉ፤ ልጆቻቸው ውርስ ላይ አልተስማሙም። መኪናዋ በእኔ ግቢ፣ ወረቀቷ በሌላ ሰው ስም ቀረች። ያን ጊዜ ስም ለማዞር የሚያስፈልገውን ገንዘብ ቆጥቤ ነበር። በኋላ የከፈልኩት ከዚያ ብዙ እጥፍ ነው።

ከዚያ ወደ መንገድ ትራንስፖርት ቢሮ ሄዳችሁ ፋይሏን አስፈትሹ። ዕዳና እገዳ አለባት? ቀረጥ የተከፈለባት ናት ወይስ ከቀረጥ ነፃ የገባች? ቦሎ ስንት ዓመት አልተለጠፈባትም? የቆመች መኪና የዓመታት ውዝፍ ሊኖርባት ይችላል፤ እሱን ማን ይከፍላል የሚለው ዋጋ ላይ መነሳት አለበት። ፋይሏ አዲስ አበባ ከሆነ ወደ ኦሮሚያ መዛወር ሊኖርበት ይችላል፤ ለዚያም ጊዜ አስቡ።

ሊብሬውን በእጃችሁ ስትይዙ የሻንሲ ቁጥሩንና የሞተር ቁጥሩን ፎቶ አንሱ። ቀለሟም ተጽፏል። ሊብሬው ሰማያዊ ብሎ መኪናዋ ቀይ ከሆነች የቀለም ለውጡ መመዝገብ አለበት። እሱ ቀላል ነው። የሞተር ቁጥር አለመመሳሰል ግን ቀላል አይደለም፤ ቮልስ ላይ ደግሞ በጣም የተለመደ ነው። የቮልስ ሞተር ከካምቢዮው ጋር የሚያያዘው በአራት ብሎን ብቻ ነው፤ የለመደ መካኒክ በግማሽ ሰዓት ያወርደዋል። ስለዚህ በ50 ዓመት ውስጥ ሞተሩ ሁለት ሦስት ጊዜ ተቀይሮ ይሆናል። ቁጥሩ ከዲናሞው መቀመጫ ሥር፣ ሞተሩ ላይ ተመትቶ ይገኛል። ካልተመሳሰለ ሻጩ አስተካክሎ እስኪያመጣ ጠብቁ።

ቁጥሩ እና ጣሪያው

አሁን ወዳጄን ወደጠየቅኩት ጥያቄ እንመለስ።

የኋላውን ወንበር አንሱ። መሐል ለመሐል የሚሄደው የሻንሲው ቱቦ ላይ፣ ወደ ኋላ በኩል፣ ቁጥሩ ብረቱ ላይ ተመትቷል። አቧራውን በጨርቅ ጥረጉ። ከ1965 ሞዴል ወዲህ የተሠሩት ላይ የመጀመሪያዎቹ ሁለት አኃዞች የመኪናዋን ዓይነት ይናገራሉ። በ11 ከጀመረ ስትወለድ ጣሪያዋ ድፍን ነበር። በ15 ከጀመረ ከካርማን የወጣች እውነተኛ ተከፋች ናት። 14 ካርማን ጊያ ናት። ሦስተኛው አኃዝ የሞዴል ዓመቱ መጨረሻ ነው። ስለዚህ 158 ብሎ የሚጀምር የ1968 ተከፋች ቮልስ ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት ቁጥሮች ይህን አይናገሩም፤ ለእነሱ የምትተማመኑት ቀጥዬ በምነግራችሁ የብረት ሥራ ነው።

ለምን ይህን ያህል ያስጨንቃል? ጣሪያ ለዝናብ ብቻ አይደለም። የድፍን መኪና አካል እንደ ሳጥን ነው፤ ጣሪያው ሲነሣ ክዳኑ እንደተቆረጠ ካርቶን ይልፈሰፈሳል። ካርማን ይህን ስለሚያውቅ ከበሮቹ ሥር ርዝመቱን ሙሉ ወፍራም የብረት ማጠናከሪያ በየደ። አገር ውስጥ ጣሪያቸው በመጋዝ የተቆረጠ ቮልሶች ይህ የላቸውም። ለሠርግ ያምራሉ፣ ፎቶ ላይ ያምራሉ። ጉድጓድ ውስጥ ሲገቡ ግን አካላቸው ይታጠፋል። እኔ የመጀመሪያዋን የገዛሁት እንዲህ የተቆረጠች ሆና ነው። ወንጂ መንገድ ላይ አንዲት ጉድጓድ ስመታ የግራ በሯ በራሱ ተከፈተ። አጠገቤ ታናሽ እህቴ ተቀምጣ ነበር። በእሷ በኩል ቢሆን ኖሮ ብዬ እስካሁን አስባለሁ።

እንዴት ትለያላችሁ? ቁጥሩን ካያችሁ በኋላ ሦስት ነገር አድርጉ።

ተንበርከኩና ከበሩ ሥር በእጃችሁ ዳስሱ። እውነተኛዋ ላይ ከወለሉ ጠርዝ በታች ተጨማሪ ወፍራም ብረት ታገኛላችሁ። ባዶ ከሆነ ወይም የአካባቢ ብየዳ ማዕዘን ብረት ከሆነ ተጠንቀቁ።

ቀጥሎ ክሪክ አምጡ። መኪናዋ በተሠራላት የክሪክ ቦታ ላይ አንድ ጎኗን አንሱ፤ ጎማው ከመሬት ሲላቀቅ በሩን ክፈቱና ዝጉ። ጤነኛ ተከፋች ላይ በሩ እንደወትሮው ይዘጋል። ከነከሰ፣ ከተጣበቀ ወይም ክፍተቱ ከላይ ጠቦ ከታች ከሰፋ፣ አካሏ ጉልበት የለውም። ይህ ፈተና ለእውነተኛዋም ይጠቅማል፤ ማጠናከሪያው በዝገት ተበልቶ ከሆነ ይኸው ያጋልጠዋል። ሻጩ ክሪክ ማንሳት ከከለከላችሁ አመስግናችሁ ሂዱ።

ሦስተኛው ራሱ ጣሪያው ነው። የካርማን ጣሪያ አንድ ሸራ ብቻ አይደለም። ውጩ ሸራ፣ መሐሉ ሙሌት፣ ውስጡ ጨርቅ ነው። የኋላ መስኮቱ እውነተኛ መስታወት ነው፤ ላስቲክ ከሆነ ተቀይሯል ማለት ነው። ሲታጠፍ ከኋላ ወንበሩ ጀርባ ከፍ ብሎ ይቆለላል፤ ጠፍጣፋ ሆኖ የሚገባ ከሆነ ኦሪጅናሉ አይደለም። ከፊት መስታወቱ ጋር የሚያያዘው ዘንግ ውስጡ እንጨት ነው። እንጨቱን በጣታችሁ ጫኑት፤ ከለሰለሰ በስብሷል። ጣሪያውን ራሳችሁ ክፈቱና ዝጉ፤ ሻጩ እንዲያደርግላችሁ አትፍቀዱ። በጉልበት የሚዘጋ ከሆነ ወይ ክፈፉ ተጣሟል ወይ አካሏ ዘምሟል። በመጨረሻ ዝጉትና አንድ ባልዲ ውኃ አፍስሱበት። የአዳማ ፀሐይ ሸራ ይጨርሳል። ላዩ ጥቁርና የሚያብረቀርቅ ቢመስልም ስፌቱ ላይ ተሰነጣጥቆ ይሆናል።

ሸራውን የመኪና ወንበር የሚሰፋ ጎበዝ ባለሙያ ሊሠራው ይችላል። ክፈፉ ግን ካልተሟላ መተኪያ ማግኘት በጣም ከባድ ነው። የተቀደደ ሸራና የተሟላ ክፈፍ ያላት ትሻላለች፣ አዲስ ሸራና የጎደለ ክፈፍ ካላት።

የወዳጄ ቀይ ቮልስ በ11 ነበር የሚጀምረው።

ወለሏን ሳታዩ አትመለሱ

የቮልስ ባትሪ ከኋላ ወንበር ሥር በቀኝ በኩል ነው። አሲዱ ለዓመታት ሲንጠባጠብ ከሥሩ ያለውን ወለል ይበላዋል። ወንበሩን ለቁጥሩ ስታነሱ ይህንንም እዩ። በካቻቢቴ እጀታ ቀስ ብላችሁ ምቱት። የሚጮህ ብረት ጤነኛ ነው። ድፍን ያለ ድምፅ ከሰጠ ሥሩ ዝገት ወይም ስቱኮ አለ።

ምንጣፉን ሁሉ ገልጡ። ከፊት ኮፈኑ ሥር መለዋወጫ ጎማው የሚቀመጥበትን ጉድጓድ እዩ። ከዚያ ትንሽ ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልላችሁ በሮቹ ሥር፣ ፓራፋንጎዎቹ ላይ፣ የፊት መብራቶቹ ዙሪያ አንሸራትቱ። ማግኔቱ የማይዝበት ቦታ ላሜራ ሳይሆን ስቱኮ ነው። ፓራፋንጎ በብሎን የሚፈታ ስለሆነ አያሳስብም። በሮቹ ሥር ያለው ግን ዋናው ነው፤ ያ ክፍል ከሞተሩ ሙቅ አየር ወደ ውስጥ የሚሄድበት ቱቦም የአካሏ ጀርባ አጥንትም ነው።

የአዳማ አየር ደረቅ መሆኑ ይጠቅማል። እዚሁ የኖረች መኪና ብዙ ጊዜ ከባሕር ዳርቻ ከመጣች ትሻላለች። ግን ሻጩን የት እንደቆመች ጠይቁት። ሣር ላይ ክረምት ሙሉ የቆመች መኪና የትም ብትሆን ትዝጋለች። አዲስ የተቀባች መኪና ደግሞ እኔን ሁልጊዜ ያሳስበኛል። ቀለሙ ከመሸጧ ከሁለት ሳምንት በፊት ከሆነ ምን ሸፈነ?

ሞተሩን ቀዝቃዛ ሆኖ አግኙት

ለሻጩ ቀድማችሁ ንገሩት፦ «እኔ እስክመጣ እንዳታስነሳት።» ስትደርሱ ሞተሩን በእጃችሁ ንኩ። ሞቆ ከሆነ አንድ የሚደበቅ ነገር ሊኖር ይችላል።

ሞተሩ ጠፍቶ እያለ ቺንጋው የሚዞርበትን ፑሌጃ በሁለት እጅ ያዙና ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ግፉት፣ ሳቡት። ሊንቀሳቀስ የሚገባው ዓይን በማያየው መጠን ነው፤ ከ0.15 ሚሊ ሜትር በላይ ከሆነ ሞተሩ መፈታት አለበት። «ቋ፣ ቋ» የሚል ድምፅ ከሰማችሁ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም፤ የሙሉ ሞተር ጥገና ዋጋ ከመኪናዋ ላይ ቀንሱ።

አስነሷት። ለጥቂት ሰከንድ ሰማያዊ ጭስ ብታወጣ አትደንግጡ። ሲሊንደሮቿ የተጋደሙ ስለሆኑ ቆማ ስታድር ትንሽ ዘይት ይሰበሰባል። ጭሱ ከሞቀችም በኋላ ከቀጠለ ግን የፒስተኑ ፋሻ አልቋል። ከሞቀች በኋላ ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳትረግጡ) የዘይት መብራቱን እዩ። ብልጭ ድርግም ካለ የዘይቱ ግፊት ወርዷል።

ካንዴላዎቹን አስፈትታችሁ ኮምፕሬሽን ማስለካት ጥሩ ነው። ከቁጥሩ ይልቅ በአራቱ ሲሊንደሮች መካከል ያለውን ልዩነት ተመልከቱ። በተለይ ሦስተኛውን ሲሊንደር እዩ። በቆዩት ሞተሮች የዘይት ማቀዝቀዣው ልክ የእሱ ነፋስ የሚያልፍበት መንገድ ላይ ስለቆመ ከሌሎቹ ይልቅ ይሞቃል፤ ቫልቩም ቀድሞ የሚቃጠለው የእሱ ነው።

ሞተሩ ዙሪያ ያሉትን ላሜራዎችና ጎማዎች ቁጠሩ። ብዙ መካኒክ ሞተር አውርዶ ሲመልስ «ትርፍ ናቸው» ብሎ ይጥላቸዋል። ትርፍ አይደሉም። ቮልስ ውኃ የላትም፤ የምትቀዘቅዘው በአየር ብቻ ነው። እነዚያ ላሜራዎች ቀዝቃዛውን አየር ከላይ፣ ትኩሱን ከታች ይለያሉ። ሲጎድሉ ሞተሩ የራሱን ትኩሳት መልሶ ይተነፍሳል። በአዳማ የቀትር ሙቀት ይህ ሞተር ይገድላል።

የነዳጅ ጎማዎቹንም በጣታችሁ እጠፏቸው። ከተሰነጠቁ እሳት ናቸው። የሞተሩ አካል ማግኒዥየም ያለበት ብረት ስለሆነ አንዴ ከተያያዘ ለማጥፋት ከባድ ነው። ጎማው ርካሽ ነው፤ በገዛችሁበት ቀን ቀይሩት።

ንዷት፣ ግን አዳማ ውስጥ ብቻ አይደለም

ከፍራንኮ እስከ ፖስታ ቤት በባጃጅ መካከል መንዳት ምንም አያሳይም። ሻጩን ይዛችሁ ወደ አሰላ መንገድ ውጡ። ዴራን አልፎ ወደ ኢተያ ያለው ዳገት ጥሩ ዳኛ ነው። በሁለተኛ ማርሽ እየወጣችሁ ነዳጁን ድንገት ልቀቁት። ማርሹ ዘሎ ከወጣ ካምቢዮው መፈታት አለበት። ሲወጡ ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል? ዙሩ እየጨመረ ፍጥነቷ ካልጨመረ አልቋል። ስትመለሱ ቁልቁለቱ ላይ ፍሬኑን ፈትሹ፤ ወደ አንድ ጎን ከጎተተች አንዱ ጎማ ላይ ችግር አለ።

በመንገድ ላይ የዲናሞው ቀይ መብራት ከበራ ወዲያው ቁሙ። ሌላ መኪና ላይ «ባትሪ አልሞላም» ነው ትርጉሙ። ቮልስ ላይ ግን ዲናሞውን የሚያዞረው ቺንጋ ማቀዝቀዣውን ፋን ጭምር ነው የሚያዞረው። ቺንጋ ከተበጠሰ ማቀዝቀዣ የለም።

ከዚያ ጣሪያዋን ከፍታችሁ ንዱ። በዳሽቦርዱና በበሩ መካከል ያለውን ክፍተት እያያችሁ ጠጠር መንገድ ላይ ግቡ። ትንሽ መንቀጥቀጥ ያለ ነው። የፊት መስታወቱ ክፈፍ ለብቻው ሲወዛወዝ ካያችሁ ግን የክሪኩን ፈተና አስታውሱ።

አዳማ ነፋስ ያለባት ከተማ ናት፤ የነፋስ ኃይል ማመንጫዎቹ እዚህ የተተከሉት ለዚሁ ነው። የቮልስ ክብደት ኋላ ላይ ስለሆነ አፍንጫዋ ቀላል ነው፤ የጎን ነፋስ ይገፋዋል። የፍጥነት መንገዱ ላይ ስትገፋ መሪው ልቅ ነው ብላችሁ ወዲያው አትፍረዱ። መጀመሪያ የጎማውን አየር አስለኩ። ጎሚስታዎች አራቱንም እኩል ይነፋሉ። ለቮልስ ግን የፊቱ ከኋላው ያንሳል፤ የፊቱ 18፣ የኋላው 27 ፒ ኤስ አይ ገደማ ይበቃል።

ዋጋና ውል

የገበያ ዋጋ እዚህ መጻፍ አልፈልግም፤ በየወሩ ይለዋወጣል። ዘዴውን ግን ልንገራችሁ። ያያችሁትን ጉድለት ሁሉ ወረቀት ላይ ጻፉ። ከጎኑ መካኒካችሁና ላሜራ ሠሪያችሁ የሚሉትን ዋጋ አስቀምጡ። ድምሩን ለሻጩ አሳዩት። የተጻፈ ቁጥር ካለ ክርክሩ አጭርና የተከበረ ይሆናል። አዛውንት ከሆኑ ደግሞ መኪናዋ ትዝታቸው መሆኗን አትርሱ። «ይቺ ብረት» ብላችሁ አታጣጥሉባቸው። እኔ ሁለተኛዋን ያገኘሁት አንድ አባት ከእኔ የበለጠ የሚከፍል ትተው «አንተ ትይዛታለህ» ስላሉኝ ነው።

የደላላውን ድርሻ ከመጀመሪያው ተነጋገሩ። ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ሁለት ጊዜ አስቡ፤ በራሳችሁ ፈቃድ ከተዋችሁት ቀብዱ ይቀራል። ከከፈላችሁም በጽሑፍ ይሁን፤ «ስም ካልዞረ ቀብዱ ይመለሳል» የሚል ይጨመርበት። ዋናውን ክፍያ በባንክ አድርጉት፣ ውሉ በሚመለከተው ቢሮ ፊት ሲፈረም። የሦስተኛ ወገን መድን ሳይኖራት አታንቀሳቅሷት።

የመጀመሪያው ወር

ዘይቱን ቀይሩ። ሁለት ሊትር ተኩል ነው የምትይዘው። የዘይት ፊልትሮ የላትም፤ ያላት ወንፊት ብቻ ነው፣ እሱን አስፈትታችሁ አጥቡ። መመሪያዋ በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ይላል። እኔ በአዳማ አቧራ ምክንያት በየ3,000 እቀይራለሁ። የአየር ማጣሪያዋ ዘይት ያለበት ከሆነ ያንንም አብራችሁ አጥቡ፤ ጭቃ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ቫልቮቹን አስተካክሉ፣ ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ቀዝቅዞ፤ እንደ ሞተሩ ዓይነት 0.10 ወይም 0.15 ሚሊ ሜትር።

ትርፍ ቺንጋ፣ እሱን የሚፈታ ቁልፍ እና ትንሽ የእሳት ማጥፊያ ሁልጊዜ መኪናዋ ውስጥ ይኑሩ።

ለሸራው ደግሞ ጥላ ፈልጉለት። ዛፍ ሥር ሳይሆን ቆርቆሮ ሥር፤ የወፍ ኩስና ሙጫ ሸራ ያበላሻል። ዝናብ ከመታው በኋላ ወዲያው አትጠፉት። ተዘርግቶ ይድረቅ። ሶደሬ ደርሳችሁ ስትመለሱ ማታ ዝናብ ከያዛችሁ፣ በማግስቱ ጠዋት ፀሐይ እስኪያደርቀው ጠብቁና ከዚያ ክፈቱት።